በየሦስት ወሩ፣ ለሁሉም በግ? ስለ በግ ትል ለተጻፈ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው። ደብረ ሲና አካባቢ ዐሥራ አንድ በጎች አሉት። ከሥሩ «ይሄን ላድርግ ወይስ ይቅር?» ብሎ ጽፎበታል።

ጽሑፉ ስለ በግ የሆድ ትል ነው። ጠቅለል ሲል የሚመክረው ይህን ነው፦ በጎችህን በሙሉ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጥ። በጉ ካላስቀመጠው ግን ትል ገና አልጠናበትም። መድኃኒቱ ካልሠራ የውሸት ነውና ሌላ ግዛ። ግራ ከገባህ አይቨርሜክቲን ሁሉንም ይገድላል። መድኃኒት በሰጠህ ማግስት ንጹሕ ግጦሽ ላይ ልቀቃቸው። እጅ ካጠረህ ደግሞ ኮሶ አለልህ። ይህ ሁሉ የቆመው «ሳይቃጠል በቅጠል» በሚለው ተረት ላይ ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ያስታውቃል። እንዲያውም አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ትል በግን የሚጎዳው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ገበሬ የሞተውን በግ ይቆጥራል እንጂ ሳይጨምር የቀረውን ኪሎ፣ ወተት አጥታ ጠቦቷን ያከሳችውን እናት ማን ይቆጥራል? እዚህ ድረስ አብረን ነን። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ዓመታት በእንስሳት ጤና ሥራ ስላሳለፍኩ፣ ያየሁትን ይዤ መልስ ልስጥ።

በየሦስት ወሩ፣ ለሁሉም

ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ለመሆኑ የትኛው ትል ነው? ጽሑፉ «ትል» ብሎ ያልፋል። በግ ሆድ ውስጥ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ቆላውና ወይና ደጋው ላይ ዋናው ገዳይ ሄሞንከስ የሚባለው ነው። ከሽንፍላ ቀጥሎ ባለው በአራተኛው ጨጓራ ውስጥ ይኖራል፤ ደም ይጠጣል። አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የሞተች በግ ለባለቤቷ ከፍቼ አሳይቻለሁ። ጨጓራውን ስሰነጥቀው ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር ይተራመሳል። ርዝመቱ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ቀይና ነጭ ሆኖ እንደ ተገመደ ፈትል ነው። ቀዩ ደም የሞላው አንጀቱ ነው። ነጩ ደግሞ በአንጀቱ ላይ የተጠመጠመው ማህፀኑ። ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ ቆየና «ኧረ ይቺ በግ አንድ ቀን እንኳ አላስቀመጣትም!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሄሞንከስ ያለበት በግ ብዙውን ጊዜ አያስቀምጠውም። በጠጡ ደህና ነው። በጉ ግን ይደክማል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ይቋጥራል። አንዳንዱ ሥጋው ሳይጎድል በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ካላስቀመጠው አልጠናበትም የሚለውን እዚሁ ሰርዙት።

ሒሳቡን እንየው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስወጣል። ምንም አይመስልም። 2,000 ትል ካለ ግን በቀን 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወደ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚጠጋ። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ ጠቅላላ ደሟ 2 ሊትር አይሞላም።

አሁን ወደ ሦስት ወሩ እንመለስ። ከሣር ጋር የተዋጠ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገ ትል፣ አድጎ እንቁላል ለመጣል ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። አንዷ ሴት ትል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀትና እርጥበት ከተገናኙ፣ እንቁላሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሣር ላይ ቁጭ ብሎ በግ የሚጠብቅ እጭ ይሆናል። ሐምሌ መግቢያ ላይ መድኃኒት የዋጠ በግ ነሐሴ ላይ ሆዱ እንደገና ሞልቷል። መስከረም ድረስ ጠብቅ ከተባለ በጉ አይጠብቅም። ጥር ላይ ደግሞ ሜዳው ደርቆ እጩ አልቋል፤ ብዙ በግ መድኃኒት አያስፈልገውም። በየሦስት ወሩ የሚለው ምክር እንግዲህ ሲያስፈልግ የለም፣ ሳያስፈልግ ይመጣል።

ሌላም አለ። እኛ አገር አውራው በግ ዓመቱን ሙሉ ከእናቶቹ ጋር ነው የሚውለው። በየትኛውም ቀን ሄዳችሁ ብታዩ መንጋው ውስጥ አዲስ ያረገዘች አትጠፋም። አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት ደግሞ በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ለጽንሱ አደገኛ ነው። «ለሁሉም» ሲባል እሷም ውስጥ አለችበት።

ነገሩ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ከዚያ የከፋ ነው። በመንጋው ሆድ ውስጥ ካሉት ትሎች ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን ይችሉታል። ሁሉም በግ በአንድ ቀን ሲታከም የሚተርፉት እነሱ ብቻ ናቸው። ክረምት ከሆነ መድኃኒት ያልነካው እጭ ከሣሩ ላይ ይገባና ይቀላቀላቸዋል። በበጋ ግን ሜዳው ባዶ ነው። የሚመጣውን ክረምት የሚሞላው የተረፉት ዘር ብቻ ይሆናል። ይህን ሁለትና ሦስት ዓመት ደጋግሙት። መድኃኒቱ ውሃ ይሆናል።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ በተደጋጋሚ የሆነ ነው። ቲያቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣ። በ1964 አሜሪካ ውስጥ የሚቋቋመው ትል ተገኘ። አይቨርሜክቲን በ1981 ለገበያ ቀረበ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ደቡብ አፍሪካ የበግ ሄሞንከስ ለመደው። ሞኔፓንቴል የሚባል አዲስ መድኃኒት በ2009 ኒውዚላንድ ላይ ተጀመረ። በ2013 እዚያው ኒውዚላንድ እምቢ ያለው ትል ሪፖርት ተደረገ። እነዚህ አገሮች የመድኃኒት እጥረት የለባቸውም። መንጋውን በሙሉ በቀን መቁጠሪያ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው።

እኛም አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አለ፤ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ላይ ከአንድ በላይ የመድኃኒት ዓይነት የሚቋቋም ትል ተገኘ። በአካባቢው ገበሬዎች በጎችና ፍየሎች ላይ ግን መድኃኒቱ ገና ይሠራ ነበር። ለምን? ገበሬው መድኃኒት የሚገዛው አልፎ አልፎ፣ ሲጨንቀው ብቻ ስለሆነ። ከዚያ አጥኚዎቹ ያደረጉትን ሳስበው ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል። ፍየሎቹን በደንብ አከሟቸውና የገበሬው የጋራ ግጦሽ ላይ ለወራት አሰማሯቸው። መድኃኒት የማያውቀው የሜዳ ትል ሆዳቸው ገባና ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ እንደገና መሥራት ጀመረ። የዩኒቨርሲቲውን መንጋ ያዳነው የገበሬው ትል ነው!

አሁን ጽሑፉ ምን እያለ እንደሆነ ልብ በሉ። ገበሬው እጅ አጥሮት ያቆየውን ሀብት፣ ትልልቅ እርባታዎች በሄዱበት መንገድ ሄደህ አጥፋው ነው የሚለው። ቅጠሉ ራሱ እየተቃጠለ ነው።

ታዲያ ማንን እናክም?

በአንድ መንጋ ውስጥ ትል እኩል አይከፋፈልም። ከመቶ ሃያ ወይም ሠላሳ የሚሆኑት በጎች አብዛኛውን ትል ይሸከማሉ። የቀሩት ትንሽ ትንሽ ይዘው ደህና ይኖራሉ። ብልሃቱ ተሸካሚዎቹን መለየት ነው።

ደቡብ አፍሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ፋፋ ማላን ለዚህ ቀላል ዘዴ አመጣ። ዘዴው በስሙ ፋማቻ ይባላል። የሚታየው የበጉ የዓይን ቆብ ውስጥ ነው። በጉን በቀን ብርሃን ያዙት። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ዓይኑ ላይ ክደኑና ቀስ ብላችሁ ጫን በሉ። በሌላው የታችኛውን ዝቅ አድርጉ። ውስጡ ብቅ ይላል። እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ከሆነ በጉን ልቀቁት። እንደ አቡጀዲ ከነጣ ደሙ አልቋል፤ ዛሬውኑ ይታከም። ቀለሙ የሚወዳደርበት የዘዴው ካርድ ላይ ከቀዩ እስከ ነጩ አምስት ደረጃ አለ። አንድና ሁለት አይታከሙም፣ አራትና አምስት ይታከማሉ፣ ሦስት ያወዛግባል። ጠቦትና የምታጠባ እናት ሦስት ላይ ከሆኑ እኔ አክማቸዋለሁ። የጠቦት ሰውነት ትልን መከላከል ገና አልተማረም። እናቲቱም በወሊድ ሰሞን አቅሟ ይደክምና የትል እንቁላል ከበጠጧ ጋር በብዛት ትጥላለች።

ክረምት ላይ በየሁለት ሳምንቱ፣ በጋ ላይ በወር አንዴ ማየት ይበቃል። ዐሥራ አንድ በግ ለማየት ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይተርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ይህንንም እንደ ታምር እንዳንይዘው። ዓይኑ የሚነግራችሁ ደም ማነሱን ነው። ማን እንደ ጠጣው አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ብርዱ ለሄሞንከስ አይመችም። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነው የሚነግሠው። ደጋው ላይ ዓይኑ የነጣ በግ ካያችሁ መጀመሪያ የጉበት ትልን ጠርጥሩ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

«መድኃኒቱ የውሸት ነው»

ሊሆን ይችላል። ገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ መድኃኒት አይቻለሁ። ስሙ እንኳ በትክክል አልተጻፈም። ከእንዲህ ዓይነቱ ራቁ፤ በዚህ ጸሐፊውን እደግፋለሁ።

ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መጠኑ ላይ ነው። አንድ አባወራ ክሊኒክ መጥቶ «መድኃኒታችሁ አይረባም» ብሎ ተቆጣኝ። ምን ሰጠህ? የላሙን ክኒን። ለስንት በግ? ለሃያ! የከብቱ አልቤንዳዞል 2,500 ሚሊ ግራም ነው። ለሃያ ሲካፈል ለአንዱ 125 ይደርሰዋል። በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ብለን ብንሄድ፣ 25 ኪሎ ለሆነ በግ ከ187 በላይ ያስፈልጋል። ክኒኑ የተቆረጠው ደግሞ በቢላዋ ነው። ግማሹ ዱቄት ሆኖ ቀርቷል። አንዱ በግ ድርሻውን ሲወስድ ሌላው ፍርፋሪ ውጧል። ፍርፋሪ የዋጠው በግ ውስጥ ደካማው ትል ይሞታል፣ ጠንካራው ይማራል።

ለበግ የተሠራው ባለ 300 ሚሊ ግራሙ ክኒን አለ። በዚሁ ሒሳብ እስከ 40 ኪሎ ለሚመዝን በግ አንዱ ይበቃል። መመዘኑ አያስቸግርም። በጉን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ማንጠልጠያ ሚዛን ላይ መስቀል ነው። በዓይን ግምት ሁላችንም አሳንሰን ነው የምንገምተው፤ እኔንም ጨምሮ። የሚታከሙትን በጎች ሁሉ መመዘን ካልተቻለ ትልቁን መዝኑና ለእኩዮቹ በእሱ ልክ ስጡ።

መጠኑ ልክ ሆኖ፣ መድኃኒቱም ደህና ሆኖ ካልሠራ ያኔ መቋቋምን እንጠረጥራለን። ማረጋገጫው መድኃኒት መቀየር አይደለም። በጠጥ መውሰድ ነው። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ዕለት አንድ ጊዜ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለተኛ። ማይክሮስኮፕ ያለው ክሊኒክ ወይም እንደ ኮምቦልቻው ያለ ላቦራቶሪ እንቁላሉን ይቆጥረዋል። ቁጥሩ ቢያንስ 95 በመቶ ካልወረደ ችግር አለ። ስም የተለየ ሁሉ መድኃኒቱ የተለየ አይምሰላችሁ። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱን የለመደ ትል ሌላውንም አይፈራውም።

«አይቨርሜክቲን ሁሉንም ይገድላል»

አይገድልም። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። አግኚዎቹ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። እኛም አገር በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ሰው ዓይነ ስውር የሚያደርገውን የወንዝ ዳር በሽታ ለመከላከል ይወስደዋል። ግሩም መድኃኒት ነው። እከክንም ስለሚያጠፋ ገበሬው ወዶታል። የጉበት ትልን ግን ንክች አያደርገውም። ሆድ ውስጥ ያለውን የኮሶ ዓይነት ጠፍጣፋ ትልም እንዲሁ።

የጉበት ትልን በዓል ላይ በግ ያረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉበቱ ሲቆረጥ ከቧንቧው ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ይንሸራተታል። የሚያድገው ጨፌና ምንጭ ዳር ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከእሷ ወጥቶ ሣር ላይ ይለጠፋል። ክረምቱ ወጥቶ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ አረንጓዴ የሚቀረው ጨፌው ብቻ ነው። በጉም ወደዚያው ይሄዳል። ከዚያ ወይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጉበቱን ሰርስሮ ይገድለዋል፣ ወይ ቀስ በቀስ ያመነምነዋል።

አንድ ጎረቤታችን ጥቅምት ላይ በጎቹን በሙሉ አይቨርሜክቲን አስወግቶ ነበር። ኅዳር ሳያልቅ አራቱ ሞቱበት። የአንዱን ጉበት ስናየው ገና ያላደጉ ትሎች ሞልተውታል። መርፌው ከእነሱ ጋር አልተገናኘም። አልቤንዳዞል ቢሰጠውም ኖሮ ብዙ አይረዳውም ነበር። እሱ የሚገድለው ሦስት ወር ገደማ የሞላውን፣ ያደገውን የጉበት ትል ነው። ትንንሾቹን የሚደርስባቸው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ስለዚህ በትክክለኛው ጊዜ፣ ጨፌ ላይ ለዋሉት በጎች መስጠት ነው። ምንጩን በእሾህ አጥሮ ውሃውን በገንዳ ማጠጣት ደግሞ ከማንኛውም መድኃኒት ይረክሳል።

«ወዲያው ወደ ንጹሕ ግጦሽ»

ይሄኛው ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እኔም ድሮ እንዲሁ ነበር የምመክረው። አሁን ግን እንደገና አስቡት። ሁሉንም በግ አከምን። ሆዳቸው ውስጥ የቀረው መድኃኒት የማይነካው ትል ብቻ ነው። ከዚያ በማግስቱ አንድም ትል የሌለበት ሜዳ ላይ ለቀቅናቸው። ሜዳው ላይ የሚዘራው ዘር የማን ነው? ይልቅ መጀመሪያ አዛውሯቸው፣ ቆይታችሁ አክሙ። ወይም ዓይናቸው ቀይ የሆኑት ሳይታከሙ አብረው ይሂዱ።

ንጹሕ ግጦሽስ የት አለ? ጽሑፉ ይህን አይናገርም። አብዛኛው ገበሬ ያለው የጋራ ሜዳ ነው። ግን አንድ ያለን ነገር አለ፦ እህሉ የተነሣለት ማሳ። ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ክረምቱን ሙሉ በግ ሳይረግጠው ከርሟል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከእሱ የተሻለ ንጹሕ ቦታ አታገኙም። ለጠቦቶቹ ቅድሚያ ስጡ። በሌላው ጊዜ ሣሩ እስኪላጭ አታስግጡ። እጩ በብዛት ያለው ከመሬት አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ባለው ክፍል ላይ ነው።

ኮሶ፣ ፍየልና ሌላው

ኮሶን አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ለያዛቸው ጠፍጣፋ ትል ነው የወሰዱት። ለዚያ ይሠራል። ሄሞንከስ ሌላ ወገን ነው። እንቆቆና መሰሎቹ ላይ ምርምር አለ፤ ጠርሙስ ውስጥ እንቁላል መግደልና በግ ሆድ ውስጥ ትል መግደል ግን ለየቅል ናቸው። መጠኑ ባልታወቀ ነገር ጠቦት አትመርዙ። ገንዘብ ካጠረ ለደካሞቹ ጥቂት ፋጉሎ ጨምሩላቸው። በደንብ የበላ በግ ትሉን ይችለዋል።

ጽሑፉ ፍየልን ከበግ ጋር አንድ ላይ ደምሯል። ፍየል መድኃኒቱን ቶሎ ከሰውነቷ ታስወግዳለች። በበግ መጠን ከሰጣችኋት አነሳት ማለት ነው። የእሷን መጠን ባለሙያ ይንገራችሁ። በበዓል ዋዜማ ለሚሸጥ በግም መድኃኒት አትስጡ። ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

ስለ ውሻ ደግሞ አንድ ቃል የለም። ደጋ ላይ በግ አንድ አቅጣጫ ይዞ ሲዞር፣ ከግድግዳ ሲጋጭ «አዙሪት ያዘው» እንላለን። አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ የውሻ ትል ልጅ ነው። በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለውሻ እንወረውራለን። ውሻው ይበላና ሜዳው ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ሌላው በግ ይግጠዋል። በየሦስት ወሩ ለበጉ ቢሰጥ ይህን አያቆምም። ጭንቅላቱን ማቃጠል ወይም አርቆ መቅበር፣ ለውሻውም መድኃኒት መስጠት ነው የሚያቆመው።

የአጎቴን ልጅ በጽሑፉ ፈንታ ዓይናቸውን እንዲያይ ነገርኩት። ትናንት ማታ ደወለ። ከዐሥራ አንዱ ሦስቱ ነጥተውበታል። ሦስቱም፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ምንጩ ዳር የሚያስራቸው ናቸው። «የትኛውን ክኒን ልግዛ?» አለኝ። መጀመሪያ ገመዱን ከምንጩ ዳር ፍታ አልኩት። ነገ ጠዋት የሦስቱን በጠጥ ይዞ ወረዳ ይወርዳል።